መጀመሪያ ያልኩትን ድገምልኝ

በቤታችን አንድ ሕግ አለ። ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ መልስ አይሰጠውም። ከጨረሰ በኋላም ቢሆን ወዲያው አይሰጠውም። መጀመሪያ እሱ ያለውን በራስህ አንደበት ትደግምለታለህ። በትክክል ከደገምክለት «አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት» ይልሃል። ይህቺን ቃል ከአፉ ሳታገኝ የራስህን ሐሳብ ማምጣት ክልክል ነው። ነገሩ ስለ ወጥ ጨውም ይሁን ስለ ትምህርት ቤት፣ ሕጉ አንድ ነው። ልጆቼ በዚህ አድገዋል። አልወደዱትም። ትልቋ ልጄ ሁለተኛ ደረጃ ስትማር «ይሄ እራት አይደለም፤ ፖሊስ ጣቢያ ቃል መስጠት ነው» ትል ነበር። እኔም ያለችውን ደግሜላት፣ አዎ ካሰኘኋት በኋላ እቆጣት ነበር።

ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ ብል ደስ ባለኝ። ግን አይደለሁም። እኔ የጃጁራ አካባቢ ሰው ነኝ፤ ባለቤቴ ከዶዮገና ናት። እኔ በሀዲይኛ፣ እሷ በከምባትኛ አፋችንን ፈትተን፣ ሆሳዕና ላይ ተገናኝተን በአማርኛ ተጋባን። ዘመዶቻችን የመጀመሪያውን ዓመት ጠባችንን ሁሉ በቋንቋው አሳበቡ። ቋንቋው ምንም አላጠፋም። ቃሉን እንሰማ ነበር፤ ሰውየውን ነበር የማንሰማው። እሷ ስትናገር እኔ በሆዴ መልሴን እሰድራለሁ፤ እኔ ስናገር እሷም እንደዚያው። አንድ ቀን ልብሷን ጠቅልላ ዶዮገና ገባች። ተከትያት ስሄድ አጎቷ፣ በአገሩ የተከበሩ ሽማግሌ፣ ሁለታችንንም ደጃፋቸው ላይ አስቀመጡን። እሷን «ባልሽ ምን ይላል?» ብለው ጠየቋት፤ የራሷን አቤቱታ ጀመረች። እኔን «ሚስትህስ ምን ትላለች?» ቢሉኝ እኔም የራሴን ጀመርኩ። አስቆሙንና ሳቁ። «እናንተ አልተጣላችሁም» አሉ፤ «ለመጣላትም መጀመሪያ መገናኘት ያስፈልጋል።» ከዚያ ይህንን ሕግ ሰጥተው በሚቀጥለው መኪና አሳፈሩን።

ሥራዬ ጎሚስታ ነው። ከመናኸሪያው በር ወረድ ብላ ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ የአውቶቡስ፣ የሚኒባስና የባጃጅ ጎማ እለጥፋለሁ፣ እሞላለሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ ያለውን ራሴን በራሴ አስተምሬያለሁ። የአዲስ አበባ ሹፌሮች አሮጌ መጻሕፍት ያመጡልኛል፤ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል አነባለሁ፤ ያነበብኩትን ደግሞ ለሚሰማኝ ሁሉ አስተምራለሁ። ከሱቄ ጎን ሻይ የምታፈላው ሴት «ጋሼ ጎማ ሲነፉ ኮምፕሬሰሩን የሚያስነሱት ለወጉ ያህል ነው» ትላለች። ሰው ይስቃል። እኔ ግን ያወቀ ሰው ያወቀውን ሊናገር ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ይህን እምነቴን ዛሬም አልለቀቅሁም። ለትልቋ ልጄ ያስተማርኳት ግን ተቃራኒውን ነበር፤ ይህም የታወቀኝ እሷ ባሕር ማዶ በሄደችበት የመጀመሪያ ሳምንት ነው።

ልጄ የጤና ተማሪ ናት። ዩኒቨርሲቲዋ ከአንድ የሆላንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተማሪ ይለዋወጣል። ከዚህ ይሄዳሉ፣ ከዚያ ይመጣሉ፤ እዚያ ተምረው ያለፉት ትምህርት እዚህ እንደተማሩት ይቆጠራል። ለአንድ ሴሚስተር ተመረጠች። የተመረጠችው በውጤቷ ነው። ማንንም አልለመንንም፣ ማንንም አላስቸገርንም፤ ይህን የምጽፈው ለኩራት ነው፣ አልደብቅም።

የሸኘናት ከመናኸሪያው ነው። እናቷ የዳጣ በርበሬ ብልቃጥ በፌስታል ላይ ፌስታል ጠቅልላ ሻንጣው ውስጥ ከተተች። እኔ ምክር ሰጠኋት። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ፣ ረዳቱ በሩን እየደበደበ፣ እኔ ገና መሃል ላይ ነበርኩ። የምክሩ ፍሬ ነገር ይህ ነበር፦ በሰው አገር አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ፤ ካልተጠየቅሽ አትናገሪ፤ ትልቁ ሳይጨርስ ትንሹ አይጀምርም፤ የሆሳዕና ልጅ ቃል ከሰው አፍ አትቀማም። ሻይ ሻጯ ከጀርባዬ ቆማ «ጋሼ፣ መኪናው ሆላንድ ድረስ አይሄድም፤ ይልቀቋት» አለችኝ። ልጄ ግን ሕጉን አልዘለለችም። መስኮቱን ከፍታ ያልኳትን አንድ በአንድ ደገመችልኝ። «አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት» አልኳት። አውቶቡሱ ሄደ።

ቅዳሜ ደረሰች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት አገኘን። አገሩ ዳገት የሌለው ነው አለች። እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ ሜዳ፣ ፀጉራቸው የሸበተ አሮጊቶች በዝናብ ብስክሌት የሚነዱበት፣ ምሳ ቀዝቃዛ ዳቦ የሆነበት አገር። ዳጣውን በዳቦ መብላት ጀምራለች። ክፍሏ ጠባብ ቢሆንም መስኮቷ ሰፊ ነው። እናቷ መልእክቱን ደጋግማ አስከፈተችኝ። ሰኞ ጠዋት እኔም ሱቅ ወስጄ ለሹፌሮቹ አሰማኋቸው። የአዲስ አበባ መስመር ሹፌር የሆነ ደንበኛዬ ዳገት ስለሌለው አገር ሰምቶ ጥቂት አሰበና «እንግዲያ ፍሬን ሸራ አያልቅባቸውም» አለ። በቃ፣ ቀኑን ሙሉ ሆላንድ የምትባለዋ አገር በመናኸሪያችን በፍሬን ሸራ ታወቀች።

ሰኞ ማታ ስለ ትምህርቱ ነገረችን። እንደኛ አገር መምህሩ ፊት ቆሞ አያስተምርም። ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ተማሪዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡና አንድ ችግር ይሰጣቸዋል፤ በእንግሊዝኛ ይከራከሩበታል። መምህሩ ጥግ ይዞ ይጽፋል እንጂ ብዙ አይናገርም። እኔ ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ሥነ ሥርዓት ያለው ልጅ የሚታይበት ቦታ ነው ብዬ ለእናቷ ነገርኳት። እናቷ ያልኩትን ደገመችልኝ፣ አዎ አልኳት፤ ከዚያ «ድምፅዋ ግን ደስ አላለኝም» አለች። እኔ የድምፁን ነገር በኔትወርኩ አሳበብኩ።

ማክሰኞ አልደወለችም።

ረቡዕ እራት ላይ ደወለች። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጌ በሳህኖቹ መካከል አስቀመጥኩት። መምህሩ ከትምህርት በኋላ ለብቻዋ ጠርቷት ነበር። አልተቆጣም፤ ግን ነገሩን አላለዘበውም። በዚህ ትምህርት ውጤት የሚሰጠው በክርክሩ ላይ በሚደረግ ተሳትፎ ነው። እሷ እስካሁን አንድ ቃል አልተናገረችም። ዓርብ ዕለትም ካልተናገረች ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ለመስማት ብቻ ከሚቀመጡት ጋር ትደባለቃለች፤ እነሱ ደግሞ ውጤት የላቸውም። ውጤት ከሌላት እዚህ የሚቆጠርላት ነገር የለም። ከሆሳዕና ሆላንድ ሄዳ፣ ሴሚስተሩን ጨርሳ ባዶ እጇን ትመለሳለች፤ ጓደኞቿ ሲመረቁ እሷ ከኋላዋ ከመጡት ተማሪዎች ጋር ትቀመጣለች።

ይህን ተናግራ ሌላም ነገር ቀጠለች። እኔ ግን «ባዶ እጇን» የሚለው ላይ ቀርቼ ነበር። እንደጨረሰች ጀመርኩ። ስለ ትዕግሥት ተናገርኩ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሜ እንዴት ራሴን እንዳስተማርኩ ተናገርኩ። ጩኸት እውቀት እንዳልሆነ፣ የሰው አገር ሰው ትሕትናን እንደማያውቅ፣ ወደ መምህሩ ሄዳ ከጨዋ ቤት እንደመጣች በአክብሮት እንድታስረዳው ተናገርኩ። ታናናሾቿ አንገታቸውን ደፍተው ይበላሉ። ንግግሬ ጥሩ ነበር፤ ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ ለሌላ ሰው ቢሆን ይጠቅመው ይሆናል።

«አባዬ» አለች።

«አቤት።»

«መጀመሪያ ያልኩትን ድገምልኝ።»

ታናሹ ልጄ ጉርሻውን ይዞ ቀና አለ። እንዲህ ያለ ነገር በቤታችን ሆኖ አያውቅም፤ ሕጉን የማስከብረው እኔ ነኝና።

«መምህሩ ዓርብ ከክፍል ሊያስወጣሽ ነው» አልኩ።

«እሱ መምህሩ ያለው ነው። እኔ ያልኩትን።»

«ልጆቹ ይንቁኛል አልሽ።»

«አላልኩም።»

«እንግሊዝኛው ከበደኝ አልሽ።»

«አላልኩም፣ አባዬ።»

በዶዮገናው ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ሽማግሌው ሲስቁብኝ የተሰማኝ እፍረት ከስንት ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ። ያን ጊዜ ግን ወጣት ነበርኩ፤ ልጆቼም አያዩኝም ነበር።

ባለቤቴ እጇን አበሰችና ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። «እንዲህ ነው ያልሽው» አለች። «ክፍተት እጠብቃለሁ፣ ክፍተቱ አይመጣም አልሽ። አንዱ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ሌላው ያነሳዋል አልሽ። ትልቁ ይጨርስ ብዬ እጠብቃለሁ፣ ጠረጴዛው ላይ ግን ሁሉም እኩያ ነው፣ ትልቅ የለም አልሽ። እንግሊዝኛውም ሐሳቡም አለኝ አልሽ።» ከዚያ ወደ እኔ አየች። «መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ ፈርቼ አይደለም፣ አባዬን ታዝዤ ነው አልሽ።»

«አዎ» አለች ልጄ። «እሱን ነው ያልኩት።»

ሰው ልጁን ሲያሳድግ ያስተማረው ነገር ሁሉ ጠቃሚ ነው ብሎ ያስባል። እኔ ጎማ ስሠራ፣ አየር የሚወጣበትን ቀዳዳ በውኃ ውስጥ ሳላይ ልጥፍ ለጥፌ አላውቅም። ልጄን ግን ችግሯ የት እንዳለ ሳላይ በንግግር ለጠፍኳት። ቀዳዳው ደግሞ መናኸሪያው ላይ የሰጠኋት ምክር ነበር። ሌላው አባት ምክሩ ሳይሰማ ቀርቶ ያዝናል። የኔ ምክር በሙሉ ተሰምቶ፣ በሙሉ ተፈጽሞ፣ ልጄን ከክፍል ሊያስወጣብኝ ነበር።

እንደገና ንገሪኝ አልኳት። ነገረችኝ። በዚህ ጊዜ በሆዴ ምንም አልሰደርኩም። ደገምኩላት፤ አንድ ቦታ ስቼ አረመችኝ፤ ያረመችኝንም ደገምኩ። አዎ አለችኝ። አሁን ተራው የኔ ነበር።

«ያዘዝኩሽን አንስቼልሻለሁ» አልኳት። «በምን እንደምትተኪው ግን አላውቅም። እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ አላውቅም።»

ስልኩን ከሳህኖቹ መካከል አንስቼ ወደ ራሴ አስጠጋሁት።

«እዚህ እንዲህ የሚያደርግ የለም» አለች።

«እንዴት ያለ?»

«አሁን አንተ እንዳደረግኸው። ማንም የማንንም አይደግምም። ሁሉም የራሱን ይዞ መጥቶ የራሱን ይዞ ይሄዳል።»

የምታዝን መሰለኝና ላጽናናት ስል፣ ማንበብ አለብኝ ብላ ተሰናበተችን። ድምፅዋ ግን ስትደውል የነበረው አልነበረም። ይህን እናቷ ሳትነግረኝ እኔው ራሴ ሰማሁት።

ሐሙስ ዕለት ሥራዬ ሁሉ ጎደሎ ነበር። የባጃጅ ጎማ እንደ አይሱዙ ጎማ ሞልቼ ባለቤቱ እየዘለለ ሊሄድ ነበር። ክሪኩን ከመኪና ሥር ሳላወጣ ሹፌሩን ሂድ አልኩት። ሻይ ሻጯ ነገሩ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝና ነገርኳት። እሷም በበኩሏ ለመናኸሪያው ሁሉ ነገረች። ከቀትር በኋላ ተሸካሚዎቹ ሳይቀሩ የዓርቡን ክርክር ያውቁ ነበር። ስልኬን አውጥቼ ለልጄ የድምፅ ምክር መቅዳት ጀመርኩ። ረጅም ነበር። መልሼ ሳዳምጠው ስለ እኔ እንጂ ስለ እሷ የሚናገር ነገር አላገኘሁበትም። አጠፋሁት። እንዲህ ያለ ነገር ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነው፤ የተቆጨሁ ያህል ተሰማኝ፤ ደግሞም ቀለለኝ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የዚያ የፍሬን ሸራ ሹፌር አውቶቡስ የኋላ ጎማው ከነቸርኬው ወልቆ፣ ተሳፋሪው ወርዶ ጥላ ሥር እየጠበቀ፣ ኮምፕሬሰሩ እየጮኸ ነበር። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። የልጄን ስም ሳይ ኮምፕሬሰሩን አጠፋሁት። ሹፌሩ «ጋሼ፣ ጎማዬ?» አለ። ሻይ ሻጯ የማንቆርቆሪያዋን ክዳን ይዛ መጣች። «ድምፁን ይልቀቁት፣ እኛም ወላጅ ነን» አለችኝ። ለቀቅሁት።

ልጄ እየሮጠች የምትናገር ይመስል ነበር። የዕለቱ ችግር ስለ አረጋውያን መኖሪያ ቤት ነው። በሙቀት ወራት አዛውንቶቹ በበቂ ስለማይጠጡ እየታመሙ ነው፤ ምን ይደረግ? አንድ ረጅም ልጅ፣ ሠራተኛ ተመድቦ በሰዓት በሰዓት ውኃ ያጠጣቸው አለ። አንዲት መነጽር ያደረገች ልጅ፣ ሽማግሌ ሕፃን አይደለም፣ በሰዓት እየጠሩ ማጠጣት ክብሩን መንካት ነው አለች። እሱ እንዲሞቱ ትፈልጊያለሽ አላት፤ እሷ አንተ እስር ቤት ትፈልጋለህ አለችው። ሌሎቹም ለሁለት ተከፍለው ገቡበት። ልጄ እንደ ልማዷ ክፍተት ጠበቀች። አልመጣም። እጇን አወጣች፤ ማንም አላየላትም። በመጨረሻ ተነስታ ቆመች። ሌላው ሁሉ ተቀምጦ ስለሚከራከር መቆሟ ራሱ ዝም አሰኛቸው።

«የራሴን ከመናገሬ በፊት እናንተ ያላችሁትን ልድገም» አለቻቸው።

ረጅሙን ልጅ፣ አንተ ሠራተኛ ካልተመደበ ማንም ኃላፊነት አይወስድም፣ ሰውም በቸልታ ይሞታል ነው ያልከው አለችው። አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት አለ። ለመነጽሯ ልጅ ደግሞ፣ አንቺ ሽማግሌዎቹ እንደፈለጉ ይተዉ ነው ያልሽው አለቻት። ልጅቷ አይደለም አለች፤ ይጠየቁ ነው ያልኩት እንጂ ይተዉ አላልኩም። ልጄ እንደገና ደገመችላት። አሁን አዎ አለች። ረጅሙ ልጅ ወደ ባለመነጽሯ ዞር ብሎ አያት፤ ይህን ማለቷን ገና መስማቱ ነበር።

«ከዚያ የራሴን ተናገርኩ» አለች ልጄ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ ስንነጋገር የሠራተኞቹን ነገር ሰማሁ፣ የሕጉን ነገር ሰማሁ አልኳቸው። የሽማግሌዎቹን ቃል ግን ድገሚ ብትሉኝ የምደግመው የለኝም። ለምን እንደማይጠጡ ያሉትን ማንም አልነገረኝም። ጠይቀናቸዋል ወይ? አልኩ።»

መምህሩ መጻፉን ትቶ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ጠረጴዛው ሁሉ በአዲስ መልክ መነጋገር ጀመረ፤ ረጅሙና መነጽሯ አብረው ለሽማግሌዎቹ የሚቀርብ ጥያቄ አዘጋጁ። ሲያልቅ መምህሩ በሁሉም ፊት፣ ቦታሽ እዚሁ ነው አላት። ሰኞ ክርክሩን የምትመራው እሷ ናት፤ ከእንግዲህም በዚያ ክፍል ሌላውን መቃወም የሚፈልግ መጀመሪያ ያንን ሰው መድገም አለበት። ይህን ዘዴ በየትኛው ኮርስ ተማርሽው ብሎም ጠይቋታል።

እዚህ ላይ ሻይ ሻጯ እልል ልትል አፏን ከፈተች። እኔ እጄን አነሳሁ። ሕግ ሕግ ነው።

«ልድገምልሽ» አልኳት ልጄን።

ሹፌሩ የፈታውን ብሎን በእጁ እያገላበጠ ተሳፋሪዎቹን «አንዴ ታገሡ» አላቸው፤ ከእነሱም ግማሾቹ ቀድመው ከበውን ነበር። ከሽማግሌዎቹ ውኃ ጀምሬ ደገምኩ። የረጅሙን ልጅ ቃል ስጨርስ አንዱ ተሸካሚ «መቆሟን ዘለሉ» አለኝ። ትክክል ነበር፤ ተመልሼ አቆምኳት። የመነጽሯን ልጅ እርማት ስረሳ ሻይ ሻጯ «ይጠየቁ ነው ያለችው፣ ይተዉ አላለችም» ብላ በማንቆርቆሪያው ክዳን ጠቆመችኝ። የመምህሩንም እስክሪብቶ አስቀመጥኩ፤ አንድም ነገር ሳልጨምር እስከ ሰኞው ድረስ ደገምኩላት።

ከሆላንድ «አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት» የሚል ድምፅ መጣ።

አሁን እልልታው ተለቀቀ። ተሸካሚዎቹ አጨበጨቡ፤ ጉዳዩን የማያውቁ ተሳፋሪዎችም ለማንኛውም አጨበጨቡ። አንዲት የዱራሜ መንገደኛ ሙሽራ ናት እንዴ ብላ ጠየቀች። ሹፌሩ ከሁሉም በላይ ጮኸ። እኔ ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ ሁሉም ጸጥ እስኪል ጠበቅሁ፤ መልስ ለመስጠት ተራው የኔ ነበርና።

«ሰኞ ስትመሪ» አልኳት፣ «ድምፅሽን ከፍ አድርጊ። አትጠብቂ። ያልሰማሽ ካለ ተነስተሽ ቁሚ።»

ሳቀች። ከዚያ ደገመችልኝ፤ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፣ አትጠብቂ፣ ያልሰማሽ ካለ ተነስተሽ ቁሚ። አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት አልኳት። ሻይ ሻጯ «ጋሼ ስብከታቸው ሲያጥር ዛሬ ገና ሰማሁ» አለች፤ ለተሰበሰቡት ሁሉ ሻይ ቀዳች።

የአውቶቡሱን ጎማ የሞላሁት እያፏጨሁ ነው። ሹፌሩም ጎማውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ ያለ ክርክር ሄደ። በነገታው ሁለት ተሸካሚዎች በአንድ ጆንያ ሲጣሉ ሻይ ሻጯ መሃል ገብታ አንዱን የሌላውን ቃል አስደገመችው። አልተሳካላትም፤ ተሰዳደቡ። እኔ ግን ሙከራዋን አከበርኩ።

ያን ዓርብ ማታ ዜናውን እኔ ለባለቤቴ የማበስራት መስሎኝ በፍጥነት ቤት ገባሁ። ተቀምጣ አዳመጠችኝ። ሁሉንም በሥርዓት ነገርኳት፤ ሽማግሌዎቹን፣ ረጅሙን ልጅ፣ መነጽሯን፣ እስክሪብቶውን። መምህሩ ከየት ተማርሽው ብሎ ሲጠይቃት «ከቤቴ፣ ከአባቴ ነው» ብላ መለሰችለት አልኳት። መልሷን ስልኩ ላይ አልነገረችኝም ነበር፤ ለመናኸሪያው ሰው ሁሉ ግን፣ ልጄ ስልኩን ከዘጋች በኋላ፣ እንደዚሁ ብዬ ነግሬያቸው ነበር።

ባለቤቴ ፈገግ አለች። ለካ ልጅቷ ከእኔ በፊት የደወለችው ለእሷ ነው።

«እንደዚያ አላለችም» አለችኝ። «አባቴና እናቴ ሲጣሉ የተማሩት ነው፤ እኔ ከእነሱ ወረስኩት ነው ያለችው። እንደገና ድገም።»

ልጆቹ እራታቸውን ትተው አዩኝ። ደገምኩ። አባትና እናት ሲጣሉ የተማሩት ነው፤ ልጅቷ ከእነሱ ወረሰችው አልኩ።

«አዎ» አለች ባለቤቴ፣ «እሱን ነው ያለችው።» ከዚያም ዳቦውን ቆረሰችልኝ።